ለውሳኔ ይቀጠር

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ እጄ የጻፈው ስሜን ብቻ ነው፤ እሱንም ፈርሚ ሲሉኝ። ይህን የምጽፈው ባለፈው እሁድ መጻፍ ስላቃተኝ ነው።

እሁድ ዕለት ጋሽ ተክሌ ይማሩበት የነበረው ኮሌጅ የመታሰቢያ ፕሮግራም አዘጋጅቶላቸው ነበር። ከሞቱ ገና አሥራ ሁለት ቀናቸው ነው። የአዳራሹ በር ላይ ትልቅ ፎቶአቸውን አቁመው፣ ከፎቶው ፊት አንድ ደብተር ዘርግተዋል። የገባው ሁሉ ብዕር እያነሳ አንድ ሁለት መስመር ይጽፋል። «ለመማር ዕድሜ እንደማያግድ ያሳዩን አባት» የሚል አነበብኩ። «የምስለ ችሎቱ አንበሳ» የሚልም ነበር። ተራዬ ሲደርስ ብዕሩን ያዝኩ። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር።

«እህት፣ ቶሎ በይ እንጂ» አለኝ አንዱ።

ብዕሩን መልሼ አስቀምጬ ወጣሁ። እኔ ስለ እሳቸው የማውቀው በሁለት መስመር አያልቅም፤ ከፎቶው ጎን ሊያነቡት የሚፈልጉት ዓይነትም አይደለም።

ሥራዬ ሻይ ማፍላት ነው። ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ በቆርቆሮና በሸራ የተሠራች አንድ ክፍል አለችኝ። ጋሽ ተክሌ ከግድግዳዬ ውጭ ጠረጴዛ ዘርግተው ለባለጉዳይ ማመልከቻና ክስ ይጽፉ ነበር። ዝናብ ሲጀምር ጠረጴዛቸውን አንስተው ወደ እኔ ይገባሉ። ቦንጋ ደግሞ ዝናብ የማይጥልበት ቀን ስንት ነው? እንዲያው ከእኔ ጋር ነው የኖሩት ማለት ይቻላል።

ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። የደካ ልጅ ነኝ ይሉ ነበር፣ ከጌሻ። የመነጽራቸው አንድ እጀታ ተሰብሮ በክር ታስሯል። ክረምት ከበጋ አንድ ሰማያዊ ኮት ይለብሳሉ፤ የደረት ኪሱ ላይ ሁለት ብዕር አለ፤ አንዱ የሚጽፍ፣ አንዱ የማይጽፍ። «የማይጽፈው ለምንድን ነው?» ብላቸው «ሰው ብዕር ሲዋሰኝ እሱን እሰጠዋለሁ» አሉኝ።

ባለጉዳዮቹ ከየገጠሩ ነው የሚመጡት። ከቢታ ገነት በጠዋቱ ሚኒባስ የመጡት ጭቃቸውን ሳያራግፉ በእሳቸው ጠረጴዛ ፊት ይሰለፋሉ። ሰዎቹ በቋንቋቸው በካፊኖኖ እያለቀሱ ይነግሯቸዋል፣ እሳቸው በአማርኛ ይጽፋሉ። ግን ዝም ብለው አይጽፉም። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ መጥቶ፣

«ጎረቤቴ ይንቀኛል፤ ክሰሱልኝ» አላቸው።

«መናቅ ክስ አይሆንም፣ ወንድሜ። ሲንቅህ ምን አደረገ?»

«ስሄድ ይስቃል። ሚስቴን ሰላም አይልም። አጥሬን አልፎ እንሰቴን ቆረጠ…»

«ቆይ። ስንት እግር እንሰት?»

«ሦስት።»

«እንግዲህ ንቀቱን ለንስሐ አባትህ ንገር፤ ሦስቱን እንሰት ለእኔ ስጠኝ።»

ሰውዬው ራሱ ሳቀ። ይህን ነበር ጭብጥ የሚሉት። ሰው ከሚያወራው ከብዙው መሃል ፍርድ ቤት መልስ ሊሰጥበት የሚችለው አንዷ ነገር ማለት ነው። «ጭብጡን ይዘሻል?» ለእኔም የዘወትር ጥያቄያቸው ነበር። ስኳር ተወደደ ብዬ ሳጉረመርም፣ የቤት አከራዬ ውሃ ከለከለችኝ ስል፣ «ቆይ፣ ጭብጡ ምንድን ነው?»

ሕግ መማር የጀመሩት በሃምሳ አራት ዓመታቸው ነው፤ ቅዳሜና እሁድ። ልጆቹ «ፋዘር» ይሏቸዋል። ክፍል ሲገቡ «ፋዘር፣ ለልጅ ልጅህ ልትፈተንለት ነው?» ይሏቸዋል። እሳቸው «ለአያትህ ነው፤ ፈርቶ እኔን ላከኝ» ብለው ይቀመጣሉ። ለእኔ ግን እውነቱን ነግረውኛል። «ብርቱካን» አሉኝ፣ «እኔ የጻፍኩትን ክስ ጠበቃው ይዞት ይገባና ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነበዋል። እኔ በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ሠላሳ ዓመት በር ላይ። አንድ ቀን ገብቼ፣ በራሴ አፍ፣ ተናግሬ መውጣት እፈልጋለሁ።»

ለዚህም ይለማመዱ ነበር። የሚለማመዱት በእኔ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ችሎት ተነስቶ ሰው ሲቀንስ፣ ኮሌጁ የሰጣቸውን ጉዳይ ያወጣሉ፤ አንዱ ላም ሸጦ ላሟ የታመመች፣ አንዱ ቤት ተከራይቶ አልወጣም ያለ። ከዚያ «ነይ፣ ክብርት ዳኛ፣ ተቀመጪ» ይሉኛል። አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ። ከሳሽ ሲሆኑ ኮታቸውን ለብሰው ከምድጃው በቀኝ ይቆማሉ። ይጨርሱና ኮቱን አውልቀው ምስማር ላይ ሰቅለው፣ ወደ ግራ ዞረው፣ ተከሳሽ ይሆናሉ። አሁን የተናገሩትን ራሳቸው ያፈርሱታል። እኔ ኮቱን ለብሰው ሲናገሩ አምናቸዋለሁ፤ አውልቀው ሲናገሩም አምናቸዋለሁ።

እኔ ዓይነ አፋር ነኝ። ሰው ሻይ ሲያዘኝ ለብርጭቆው ነው የምመልስለት። መጀመሪያ ዕለት ሁለቱንም ወገን ተከራክረው ጨርሰው፣ እጃቸውን አጣምረው «ፍርድ ቤቱ ምን ይላል?» ሲሉኝ ደነገጥኩ። ባለጉዳዮች ከችሎት ወጥተው በየቀኑ እያማረሩ የሚሉት ነገር ትዝ አለኝና፣

«ለውሳኔ ይቀጠር» አልኩ።

መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪመጣ ድረስ ሳቁ። «አንቺስ እውነተኛ ዳኛ ነሽ! ማን አስተማረሽ?»

በማግስቱ ግን አልተዉኝም። ማንም ሳይመጣ በጠዋት ገብተው «ውሳኔው ደረሰ?» አሉኝ። ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ብርጭቆ እያጠብኩ ነገርኳቸው፤ ላሟ ስትሸጥ ሳል እንደነበረባት ሻጩ ያውቅ ነበር፣ ምክንያቱም ጠዋት ገበያ ሳይወጣ መድኃኒት ገዝቷል ተብሏል፤ ስለዚህ ይመልስ።  ከዚያ «መድኃኒቱን እኔ አላየሁትም ነበር» አሉና ደብተራቸው ላይ ጻፉት።

ከዚያ ወዲያ ልማዳችን ሆነ። ሁልጊዜ ለውሳኔ እቀጥራለሁ፤ በማግስቱ ጀርባዬን ሰጥቼ እወስናለሁ። «ተሳስተሻል» የሚሉኝ ጊዜ አለ። «እሱን አስተማሪያችንም አላየው» የሚሉኝ ጊዜም አለ። እስከዚያ ድረስ አንቺ ምን ትያለሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ባይጠይቁኝ ኖሮ በኋላ የሆነው ያን ያህል ባልጎዳኝ።

የእኔን ነገር የነገርኳቸው ከዓመት በኋላ ነው።

አባቴ ሲሞት አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ቀድማ ሞታለች፤ ሌላ ልጅ የለም። ከገበያው ጀርባ ያለው፣ በሩ አረንጓዴ ቀለም የተቀባው ቤት የአባቴ ነው። ቀለሙን ሲቀባ ቆርቆሮውን የያዝኩለት እኔ ነኝ። አጎቴ፣ የአባቴ ወንድም፣ ለቅሶ ሊቀመጥ ፍራሹን በባጃጅ ጭኖ መጣ። ለቅሶው አለቀ፣ ፍራሹ ቀረ። «ሴት ልጅ ብቻሽን አትሆኚም» አለ። መጀመሪያ እኔ ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ወጣሁ። ቤተሰቡ ሲመጣ ከሳሎን ወደ ማድ ቤት። ከዚያ «ወንድሜ ቤቱን በቁሙ ሰጥቶኛል» የሚል ወሬ ሰማሁ። ወጥቼ ቤት ተከራየሁ። ለእሱ አንቱታ አልጽፍም፤ በዚህ ወረቀት ላይ ያለኝ መብት ይህ ብቻ ነው።

ለምን አልከሰስሽም ይሉኛል። እኛ ዘንድ የአባት ወንድም ቶሎ አይከሰስም። መጀመሪያ ሽማግሌ ይቀመጣል። ሦስት ሽማግሌዎች ያዙልኝ። «ቡና ይለቀምና እንቀመጣለን» አሉኝ። ቡና ተለቀመ። «ፋሲካ ይለፍ።» አለፈ። «የአጎትሽ ልጅ ሠርግ አለ፤ በደስታው ላይ ነገር አታንሺበት።» እሱም አለፈ። አንደኛው ሽማግሌ «የአባትሽን ወንድም ፍርድ ቤት ገትረሽ ሰው ፊት እንዴት ትቆሚያለሽ?» አሉኝ። እኔ ደግሞ ያለ ክስም ሰው ፊት መቆም የማልችል ነኝ። ጠበቅሁ።

ጋሽ ተክሌ ይህን ሁሉ ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ጭብጡን አልጠየቁኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦

«አባትሽ የሞቱት መቼ ነው?»

ነገርኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩ። እንደገና ቆጠሩ። ከዚያ ሸራውን ገለጥ አድርገው ወደ ውጭ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስሚኝ። ይርጋ የሚባል ነገር አለ። ወራሽ ንብረቱን ሌላ ሰው መያዙን ካወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ ካልጠየቀ፣ ያኛው ‹ጊዜው አልፎብሻል› ሊል ይችላል። አንቺን አራት ወር አልፎሻል።»

«እንግዲያው አለቀ?»

«አላለቀም! ዳኛው በራሱ አያነሳውም። ተከሳሹ መጀመሪያ በሚሰጠው መልስ ላይ ካላነሳው ይቀራል፤ በኋላ ልናገር ቢልም አይሰማም። አጎትሽ ጠበቃ አይገዛም፣ ብሩን ይወደዋል። የሚከራከርለት ያ ወረዳ የሚሠራው ልጁ ነው። እሱ ደግሞ ይህን አያውቅም። ስለዚህ ይህቺን ቃል የምናውቃት አንቺና እኔ ነን። ከአፍሽ እንዳትወጣ።»

ከእኔ አፍ! ከእኔ አፍ ምን ወጥቶ ያውቃል?

ክሱን ራሳቸው ጻፉልኝ። እንደዚያ ያለ ጽሑፍ ጽፈው አያውቁም አሉ፤ ሦስት ጊዜ ገለበጡት። መዝገብ ተከፈተ፣ ለአጎቴ መጥሪያ ደረሰው፣ መልሱን በጽሑፍ ይዞ እንዲቀርብ ተቀጠረ። እኔ ማታ ማታ አረንጓዴውን በር ቀለም ሳድሰው ይታየኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ኮሌጁ ምስለ ችሎት አዘጋጀ። ተማሪዎች ከሳሽና ተከሳሽ ሆነው፣ አስተማሪዎች ዳኛ ሆነው፣ ሰው ሁሉ እያየ እንደ እውነተኛ ችሎት የሚከራከሩበት ነው። ለዚህ ክርክር እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ጉዳይ ተንትኖ እንዲያቀርብና ከሁሉ የሚሻለው እንዲመረጥ ታዘዘ። የጋሽ ተክሌ ተመረጠ። አንድ ቀን ከሰዓት እየሳቁ ገቡ።

«ያንቺን ጉዳይ ነው ያቀረብኩት። ስምሽ የለበትም፤ ወይዘሪት ሀ ነሽ። አጎትሽ አቶ ለ ነው። የከሳሽን ወገን እይዛለሁ፤ አንቺ ቁጭ ብለሽ ትሰሚኛለሽ፤ ለእውነተኛው ቀጠሮ የምትናገሪውን ትለማመጂበታለሽ።»

«ያቺ ቃልስ?»

«እሷን አላስገባኋትም። እኔ እብድ ነኝ?»

እሺ አልኩ። እሳቸውን እንቢ ማለት አልችልም ነበር። ደግሞ ከዚያ ሁሉ ሰው ነገር መሃል የእኔ ነገር መመረጡ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አሰኝቶኛል።

የትኛውን ወገን ማን እንደሚይዝ ግን በዕጣ ነበር። ጋሽ ተክሌ ተከሳሽ ወጣባቸው። አጎቴ ማለት ነው። ይህን የነገሩኝ በዋዜማው ነው፤ ጠረጴዛቸውን እያጠፉ፣ ሳያዩኝ። «ዕጣ ነው፤ ምን ላድርግ? እንዲያው ለወጉ ቆሜ እቀመጣለሁ» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ቴርሞስ ሻይ ይዤ ሄድኩ፤ ለእረፍት ሻይ እንድሸጥ እሳቸው አስፈቅደውልኛል። አዳራሹ ሞልቷል። ከኋላ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ለከሳሽ የተነሳችው ቀጭን ልጅ ነበረች፤ ስሟን አላወቅሁም፣ ድምጿ ግን እስካሁን በጆሮዬ አለ። ስለ እኔ ተናገረች። ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ማድ ቤት። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ አቶ ለ ለለቅሶ ፍራሽ በባጃጅ ጭነው መጡ። ለቅሶው አለቀ፣ ፍራሹ ቀረ!» ስትል አዳራሹ አጉረመረመ። ይህ የእኔ ቃል ነው፤ ጋሽ ተክሌ እንዳለ ጽፈውታል። ከእኔ ሌላ ሰው ጮክ ብሎ ሲለው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። 

ያን ጊዜ ነው ከመሃል ረድፍ አንድ ራስ የዞረው። መስፍን፣ የአጎቴ ልጅ። ወረዳ የሚሠራው። ከጓደኞቹ ጋር ሊያይ መጥቷል። ስሙ ተቀይሯል፤ ፍራሹና ባጃጁ ግን አልተቀየሩም። አዳራሹን ቃኝቶ እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ። ፈገግ አለ።

ጋሽ ተክሌ ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ሰቅለው ተነሱ። ሰው ሙቀት መስሎት ይሆናል፤ እኔ ግን ገባኝ። እንዳሉትም ለወጉ ቆሙ። «ሟች በቁማቸው ሰጥተዋል» አሉ፤ ዳኛው ማስረጃ ሲጠይቋቸው ተንተባተቡ። ከኋላ «ፋዘር፣ ለሰንበቴ ነው የመጣኸው?» ብሎ አንዱ ጮኸ። አዳራሹ ሳቀ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

እረፍት ሆነ። ሻይ ቀድቼ፣ በሰው መሃል እየተጋፋሁ፣ አንገቴን ደፍቼ ደረስኩባቸው።

«ጋሽ ተክሌ፣ አንድ ነገር…»

«አሁን አታናግሪኝ፣ ብርቱካን። ጭብጡ ይጠፋብኛል።»

ወረቀታቸውን እያገላበጡ ነበር።  መስፍን እዚህ አለ ማለት ሦስት ቃል ነው። አጠገባቸው ሁለት ልጆች ቆመው ያዩኛል። አልወጣኝም። ብርጭቆውን አስቀምጬ ተመለስኩ። ይህን ስጽፍ ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው፤ እሳቸውን ብቻ ልወቅስ አልችልም።

ከእረፍት በኋላ የመጨረሻ ንግግር ነበር። ጋሽ ተክሌ ተነሱ። ወረቀታቸውን አልያዙም።

«ክቡር ፍርድ ቤት» አሉ፣ «የተከበሩት የከሳሽ ጠበቃ የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው እንበል። ፍራሹም ይኑር፣ ባጃጁም ይኑር፣ ማድ ቤቱም ይኑር። እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ። ወይዘሪት ሀ እስከ ዛሬ የት ነበሩ?»

«ሽማግሌ ይዟቸው ነበራ!» አለች ልጅቱ ከተቀመጠችበት።

«ሽማግሌ ቀን አይቆጥርም» አሉ ጋሽ ተክሌ። «ሽማግሌ ቡና ይለቀም ይላል፣ ፋሲካ ይለፍ ይላል። ሕግ ግን ቡና ለቃሚ አይጠብቅም። ሕግ ይቆጥራል። ሦስት ዓመት ከአራት ወር። ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህ ክስ በይርጋ ታግዷል።»

 አዳራሹ ፈነዳ። ቅድም የሳቁባቸው ልጆች ቆመው አጨበጨቡ። «ፋዘር! ፋዘር!» ይላሉ። ጋሽ ተክሌን እንደዚያ ቀን አምሮባቸው አይቻቸው አላውቅም። ወጣት ሆነው ነበር። ኮታቸውን አንስተው አንድ እጃቸውን እንዳስገቡ ከኋላ እኔን አዩኝ። ሌላው እጅጌ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ደረጃው ላይ ጠበቁኝ። አንደኛ ለወጣው የሚሰጥ ወፍራም የሕግ መጽሐፍ በብብታቸው ይዘዋል።

«ምስለ ችሎት እኮ ነው» አሉ፣ ሳልጠይቃቸው። «ጨዋታ ነው። የሰማ ሰው የለም፤ ተማሪዎች ናቸው።»

«መስፍን ነበር።»

«የቱ መስፍን?»

«የአጎቴ ልጅ።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ዝናቡ ጀምሮ ነበር፤ አልተነሱም።

መልሱ የሚቀርብበት ቀን አሥር ቀን ቀርቶት ነበር። «ላይገባው ይችላል» ይሉኛል ጠዋት። «ቃሏን አይዛትም፤ ችኩል ነው» ይሉኛል ከሰዓት። ግን ኮሌጁ የአሸናፊውን ክርክር አስተይቦ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፎት ነበር። ጋሽ ተክሌ ሰኞ ሊያነሱት ሄዱ። ዘበኛው «ኧረ ፋዘር፣ ክብርህ ነው፣ ምን ነካህ?» ብሎ ከለከላቸው። መስፍን ቀድሞ በስልኩ ፎቶ አንስቶታል።

የመልሱ ግልባጭ ሲሰጠኝ ሳላነበው ለእሳቸው ሰጠኋቸው። አንድ ገጽ ናት። ቆመው አነበቡ።

«ሽማግሌ ቀን አይቆጥርም የምትለዋም አለችበት» አሉ። ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። «ኮማዋ እንኳን የእኔ ናት።»

ችሎት የገባሁት ብቻዬን ነው። ጋሽ ተክሌ የጥብቅና ፈቃድ የላቸውም፤ እንደ ሠላሳ ዓመታቸው በር ላይ ቆሙ። ዳኛዋ ደግ ፊት ያላቸው ሴት ነበሩ። «በመቃወሚያው ላይ የምትይው አለ?» አሉኝ። ጋሽ ተክሌ ብዙ አስጠንተውኝ ነበር። ጠረጴዛውን እያየሁ «ሽማግሌ ይዞኝ ነው» አልኩ። «ከዚህ ሌላ?» «የለም።» ክሱ በይርጋ ታግዷል፣ መዝገቡ ተዘግቷል። አንድ ጀበና ውሃ እስኪሞቅ አልፈጀም። ጋሽ ተክሌ በኋላ ይግባኝም ጻፉልኝ፤ እሱም አልሆነም። የዚያን ዕለት ከችሎት ስወጣ መስፍን በሩ ላይ ለጋሽ ተክሌ እጁን ዘርግቶ «እናመሰግናለን፣ ፋዘር» አላቸው። እጃቸውን አልሰጡትም።  

መጽሐፉን እኔ ቤት ትተውት ሄዱ። «ላንቺ ይሁን» አሉ። ምን ላድርገው? ያግዳሚዬ አንድ እግር አጭር ናት፤ ከሥሯ አደረግሁት። በማግስቱ መጥተው አዩት። ልክ ሆነ አልሆነ ብለው አግዳሚውን በእጃቸው ነቅነቅ አደረጉ። አልነቃነቅ አለ። ተቀመጡበት። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ መጽሐፍ ላይ ተቀምጠው ሻይ ጠጡ።

ትምህርቱን አንድ ሴሚስተር ሲቀራቸው አቋረጡ። እሁድ በመታሰቢያው ላይ «በሕመም ምክንያት» ተብሎ ተነበበ። ሕመሙ የመጣው ከዓመት በኋላ ነው። እውነቱን የማውቀው እኔ ነኝ። አንድ ቀን «ይጨርሱት እንጂ» ብላቸው ይመለሱ ነበር። አላልኳቸውም። ከምስለ ችሎቱ ወዲህ ክብርት ዳኛ ብለውኝም አያውቁም፤ ኮቱንም እኔ ፊት አውልቀው ምስማር ላይ ሰቅለው አያውቁም። በበጋ ሙቀት እንኳን ለብሰውት ይቀመጣሉ።

ባለፈው ወር፣ ጋሽ ተክሌ በሞቱበት ዋዜማ፣ ሚስታቸው እትዬ አስካለ መጡ።

«ልጄ፣ ጋሽሽ ‹ዳኛዋን ጥሪልኝ› እያለ አስቸገረኝ። የምን ዳኛ ነው? ትኩሳቱ ይሆን ብዬ ፈራሁ።»

«እኔን ነው» አልኳቸው።

ከሰዓት ሄድኩ። አልጋው መስኮቱ አጠገብ ነው። በጣም ከስተዋል፤ መነጽሩ ብቻ ነው ያው የነበረው፣ በክር እንደታሰረ። ኮቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«አስካለ፣ ያንን ኮት ትከሻዬ ላይ ጣይልኝ» አሉ። እትዬ አስካለ ጣሉላቸው። «ክብርት ዳኛ፣ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ።

«ከሳሽ እንዲህ ይላል። ተከሳሽ የሰው ምስጢር በአደራ ተቀብሏል። አደራውን በአደባባይ አውጥቶ በትኗል። በዚህም ምክንያት አንዲት ልጅ የአባቷን ቤት አጥታለች።» ትንፋሽ አጠራቸው። «አስካለ፣ አንሺልኝ።»

ኮቱ ተነሳ። ሸሚዛቸው ሰፍቷቸው ነበር።

«ተከሳሽ ክዶ አይከራከርም። ሠላሳ ዓመት በር ላይ ቆሞ ነበር። አንድ ቀን ገባ፤ ሳቁበት። ቀጥሎ እንዲያጨበጭቡለት ፈለገ። ሌላ መከላከያ የለውም። ጊዜው አልፏልም አይልም፤ ይርጋ አያነሳም።»

እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ አጣመሩ።

«ፍርድ ቤቱ ምን ይላል?»

እትዬ አስካለ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ያያሉ። እኔ መሬቱን አያለሁ። ወደዚያ ስሄድ በአረንጓዴው በር በኩል ነው ያለፍኩት፤ አጎቴ ሰማያዊ ሲያስቀባው ደረስኩ። ይቅር ብዬዎታለሁ ማለት ይቻል ነበር። ቃሉ አልመጣልኝም ብል እዋሻለሁ። መጥቶ ነበር፤ መለስኩት። እስከ ነገ ይቆይ አልኩ በልቤ፣ ትንሽ እሳቸውም ይጠብቁ፣ እኔ ሦስት ዓመት ጠብቄያለሁ።

«ለውሳኔ ይቀጠር» አልኩ።

እንደ ድሮው መነጽራቸውን አወለቁ። የሚስቁ መስሎኝ ነበር።

«እሺ፣ ክብርት ዳኛ» አሉኝ። «ብቻ ቀጠሮውን አታርዝሚብኝ።»